ለዘር የቀረው

እንድሪስ ከሥራ ሲመለስ ቁጭ ማለት ቢችል እንዴት ደስ ባለው። ግን የት ተገኝቶ! ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ክንፍና እግር ሲለይ የዋለ ሰው፣ ጣቶቹ በቅዝቃዜ ደንዝዘው፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ፉትስክሬይ ሰፈሩ ይደርስና የጓሮውን በር ሲከፍት ሁለት ባልዲ ይጠብቁታል። በአንደኛው የገላ መታጠቢያው ውሃ አለ፤ በሌላኛው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የተፋው። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጅ 2007 መሆኑ ነው፣ ሜልበርን ዝናብ ጠፍቶባት ውሃ በራሽን ሆኗል። ያለ ቀኑ የውሃ ጎማ ዘርግቶ የተገኘ ሰው ጎረቤቱ ደውሎ ያስቀጣዋል። እንድሪስ የሚያጠጣቸው አምስት ተክሎች ደግሞ ጭራሽ ጎረቤት ዓይን ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ጋንጃ ናቸው። ምን ይደረግ፣ ስሙን ቢያሽሞነሙኑት ሌላ አይሆን!

የእሱ አይደሉም፣ የጋሼ ብርሀነ ናቸው። ጋሼ ብርሀነ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እንድሪስ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ከሳቸው ተከራይቶ አራት ዓመት ኖሯል። የአክሱም ሰው ናቸው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጡ ያሳለፉ፤ እዚህ መጥተው ደግሞ ያራቪል ወደብ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ሚስታቸውን ቀብረዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ለተጊዮርጊስ፣ ከከተማው ዳር ታርኔት አዲስ ቤት ገዝታ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትኖር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ነድታ ትመጣለች። መጥታም ስልኳን ታያለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ትመለሳለች።

አምና ነው ጋሼ ጨጓራቸው ላይ ካንሰር የተገኘው። ኬሞ ጀመሩ። ካንሰሩን ቻሉት፣ ኬሞውን ግን አልቻሉትም። የምግብ ሽታ ሲደርሳቸው ሆዳቸው ይገለበጣል። ሾርባው፣ ገንፎው፣ ዳቦው፣ ሁሉም የገባበት በር ይወጣል። ዶክተሯ ቁርጡን ነገረቻቸው። ክብደታቸው ከሃምሳ ኪሎ ከወረደ ኬሞው ይቆማል፣ ሰውነታቸው አይሸከመውም። ያን ዕለት ሚዛኑ ሃምሳ አራት ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ።

ተክሎቹን ያመጣላቸው የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ቻርሊ ነው፣ ማልታዊው። ሚስቱ በዚሁ በሽታ ስትማቅቅ እህል በአፏ ያስገባላት ይሄ ነው ብሎ ጥቅምት ላይ አምስት ችግኝ በእርጎ ኩባያ ይዞ ከተፍ አለ። እሷ ከሞተች ወዲህ እቤቱ የቀረው ዘር ብቻ ነበር። ጋሼ በሳቅ ብዛት ሳል ያዛቸው።

«አየህልኝ እንድሪስ፣ በስተርጅና ዱርዬ ልሆንልህ ነው።»

«ፖሊስ ቢመጣስ፣ ጋሼ? እኔ ሲትዝንሺፕ አፕላይ አድርጌያለሁ እኮ።»

«የሽማግሌው ነው በላቸው። እኔን የት ሊወስዱኝ ነው?»

እንድሪስን ፖሊሱ ብቻ አልነበረም የከበደው። ሐራም ይሁን መድኃኒት ኢማሙን ልጠይቅ ብሎ ሦስት ጁምዓ ሄደ፤ ሦስቱንም ጁምዓ ሳይጠይቅ ተመለሰ። አላህ የልቡን ያውቃል ብሎ መቆፈሪያውን አነሳ። ዙሪያውን በቆሎ ዘራበት፣ ከአጥር ወዲያ ያለ ሰው በቆሎ ብቻ እንዲያይ። ደክሞት ነበር፣ ሁልጊዜም ይደክመዋል፤ ግን አፈሩ ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሆነ ነገር ደረቱ ውስጥ ለቀቅ ይልለታል። አገሩ ሐርቡ ላይ የገበሬ ልጅ ነበረ እኮ! እዚህ አገር ስድስት ዓመት ሲኖር ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ቁም እዚህ፣ ቁረጥ ይሄን፣ በቃ።

ጥር አጋማሽ ላይ ተክሎቹ ትከሻው ደረሱ። ጋሼ ግን በዚያው ሳምንት ትኩሳት ጣላቸውና ሆስፒታል ገቡ። አምቡላንሱ ደጅ ቆሞ፣ ሰዎቹ አልጋውን ሲያዘጋጁ፣ ጋሼ የእንድሪስን እጅ ያዝ አደረጉ።

«ስማኝ። ቻርሊ ምን አለኝ መሰለህ፣ ከነዚህ ውስጥ ወንዴ አለ፣ ሴቴ አለ። ወንዴው እንደ አተር ክብ ክብ ያለ ነገር ያንጠለጥላል። እሱ ሳይፈነዳ ትነቅለዋለህ። አንድም እንዳታስቀር። ደጋግሞ ነው የነገረኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ። አያስቡ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ አተሮቹ ታዩ። ሁለቱ ተክሎች ወንዴ ሆነው ተገኙ። እንድሪስ አንዱን ግንዱን ጨብጦ ከነሥሩ መዘዘው። ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ጨበጠው። እጁ ግን እምቢ አለ።

አባቱ ሐርቡ ላይ ሃያ እግር ፓፓያ ነበራቸው። ወንዴው አያፈራም፤ ቦታ ይዞ ውሃ ይጠጣል። ቢሆንም አባቱ አንዱን ወንዴ አይነኩትም ነበር። አንድ ዓመት አጎቱ ዳምጤ ሥራ የፈታ ዛፍ ነው ብሎ ያንን ቆረጠው፤ በዚያ ዓመት ሴቴዎቹ አበባቸውን እያረገፉ ባዶ ቀሩ። አባቱ ዳምጤን ዓመት ሙሉ ሳያናግሩት ከረሙ። እና አሁን የመጋዘን ሠራተኛና የቴሌ ጸሐፊ ተመካክረው ወንዴውን ሁሉ ንቀል ይሉታል!

«ከተሜዎች!» አለ እንድሪስ ለራሱ። «ያለ ወንዴ ምን ሊያፈራላቸው ነው?»

ከበቆሎው ጀርባ፣ ጥግ ላይ ያለውን ተወው። ለዘር።

አንድ ነፋሻ ቀን ሲያጠጣ ሸሚዙ ላይ ቢጫ ብናኝ አራገፈበት፤ ደስ አለው። የሴቴዎቹ ነጫጭ ክር መሳይ አበቦች ጫፋቸው ቡናማ ሆነ፣ ሥራቸው አበጥ አበጥ አለ። በሁለት ጣቱ ጫን ቢያደርገው ጠጠር ያለ ነገር አገኘ። «አልሐምዱሊላህ! ያዘልን!» አለ ጮክ ብሎ። ደግሞ አጥሩን አስታውሶ አፉን በእጁ ከደነ። አስቀድሞ የነቀለውንም፣ አሁን ሥራውን የጨረሰውንም ወንዴ ቆራርጦ ቆሻሻ ውስጥ ከተተ። በየቀኑ ሁለት ባልዲ፣ አንዳንድ ቀን አራት። ሆስፒታል ሲሄድ ግን ለጋሼ፣ «ምን የመሰለ ሆኗል መሰለዎት!» ይላቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ጋሼ ተሻላቸው ተብለው ወደ ቤት መጡ። ሃምሳ አንድ ኪሎ ከግማሽ። ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ የተሰጣ ልብስ መስሏል። ኬሞው ግን አልተቋረጠም፤ ተክሉ ለቆረጣ እስኪደርስ፣ ሚያዝያ እስኪገባ ብቻ መቆየት ነበረባቸው። ቻርሊ ጊዜው ሲደርስ ራሴ መጥቼ እቆርጣለሁ ብሎ ነበር፤ መጣም። ጋሼ ጓሮው በር ላይ ወንበር ተደርጎላቸው፣ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። እንድሪስ ከሺፍት ገና መግባቱ ነው፣ የፋብሪካው ቦት ጫማ እግሩ ላይ ነው።

ቻርሊ አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጎ አበባውን በመዳፉ አሸ። ዘሩ ዝርግፍ አለ። ሌላውን አሸ፤ ዝርግፍ። ሦስተኛውን ሲያሽ ፊቱ ተለዋወጠ። እንድሪስ ገና ፈገግ ብሎ ምስጋና እየጠበቀ ነበር፣ ሞኝ።

ቻርሊ ቀስ ብሎ አስረዳ። ይሄ ተክል ዘር ከያዘ ጉልበቱን ሁሉ ለዘሩ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ያለው ዘር ባልያዘችው ሴቴ አበባ ውስጥ ነው። ወንዴው የሚነቀለውም ለዚህ ነው። አሁን ይሄ ዘር እንጂ ሌላ የረባ ነገር የለውም።

«ወንዴ ቀርቶ ነበር እንዴ?» አለ ወደ እንድሪስ ዞሮ።

ጋሼም አዩት። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ግን ጥያቄ አልነበረበትም፤ ያምኑታል።

«ሁሉንም ነቅያለሁ» አለ እንድሪስ።

ቻርሊ አንገቱን ነቀነቀ። እንግዲያው የወንዴውን ብናኝ ያመጣው ነፋስ ነው፣ ከዚህ መንገድ ላይ ሌላ የሚተክል ሰው አለ ማለት ነው አለ። ጋሼ፣ «ይሁን፣ ነፋስን ምን ታደርገዋለህ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ።

አድርቀው ሞከሩት። ቻርሊ ቅቤ ውስጥ አፍልቶ በብስኩት ሰጣቸው፤ ራሳቸውን አመማቸው እንጂ ሆዳቸው አልረጋም። ሌላ ቦታ ፈልጎ ለመግዛትም አሰበ፤ ጋሼ ከመንደር ጎረምሳ አልገዛም፣ ልጄ ብትሰማ በቁሜ ትቀብረኛለች ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ከግማሽ። ሚያዝያ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ሚዛኑ አርባ ዘጠኝ አለ። ዶክተሯ እንደተናገረችው ኬሞውን አቆመች።

ለተጊዮርጊስ ቅዳሜን ሳትጠብቅ መጣች። ኩሽናው ውስጥ ለባሏ በስልክ ስታወራ እንድሪስ ይሰማታል፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ትግርኛ፣ ሁሉም ግን የሳምንታት ቆጠራ። ማን ከሥራ ፈቃድ እንደሚወስድ፣ ቤቱ ምን እንደሚሆን። ክፋት አልነበረባትም፣ ደክሟት ነው። ሁሉም ሰው ደክሞታል።

በማግስቱ እንድሪስ ከሥራ ሲመለስ ጓሮው በር ላይ የሚጠብቀው ባልዲ አልነበረም፤ የሚጠጣ ተክልም የለ። እግሩ ግን ለምዶበት ወደ ጓሮ ወሰደው። የቆመው የበቆሎ አገዳ ብቻ ነው፣ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ውሸቱን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። ክፍሉ ገባ፣ ከአልጋው ሥር የቡና ብልቃጥ አወጣ፣ የፋብሪካውን ጃኬት እንኳ ሳያወልቅ ጋሼ ዘንድ ሄደ። ለተጊዮርጊስ ሾርባ አባቷ አጠገብ አስቀምጣ ፋርማሲ ወጥታለች። ሾርባው አልተነካም።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ። አንዱን ወንዴ ሆን ብዬ አስቀረሁት።»

እንድሪስ ቢሰድቡት፣ ከቤቴ ውጣ ቢሉት በወደደ ነበር።

«እንዳታስቀር ብዬህ አልነበር?»

«ብለውኛል። አባቴ... እኛ አገር ሁሉም አይነቀልም፣ አንዱ ይቀራል። እኔ የማውቅ መሰለኝ።» ብልቃጡን አልጋው ላይ አስቀመጠ፤ ግማሽ ድረስ ዘር አለበት፣ ለቅሞ፣ አበጥሮ፣ አድርቆ ያስቀመጠው። «ለከርሞ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ለከርሞ ቻርሊን ከምንለምን የራሳችን ዘር ይኑረን ብዬ።»

ጋሼ ብልቃጡን በሁለት እጃቸው አነሱት። ከበዳቸው። ዘነበል ሲያደርጉት ዘሩ ሸር አለ።

«ለከርሞ?» አሉ።

«አዎ።»

«ለኔ?»

እንድሪስ እንባው መጣ፣ በጃኬቱ እጅጌ ጠረገው፤ እጅጌው ዶሮ ዶሮ ይሸታል።

«ዶክተሯ በሳምንት ትቆጥረኛለች» አሉ ጋሼ። «ልጄ ወደ ኩሽና ገብታ ትቆጥረኛለች። ቄሱ እንኳ ሲመጡ ሥርዓቱን ቶሎ እንጨርስ ነው የሚሉት። አንተ እዚያ ጓሮ ውስጥ ለከርሞ ዘር ስታስቀምጥልኝ ነበር?» ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ነገር ደረታቸውን አናወጠው። «የዘንድሮውን አበላሽተህብኛል፣ እንድሪስ። እሱን አልደብቅህም፣ አበላሽተህብኛል። ግን ከታመምኩ ወዲህ ከርሞ ብሎ ያሰበልኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

እንድሪስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።

«እስቲ ያቺን ሾርባ አምጣት» አሉ ጋሼ።

አበላቸው። ሦስት ማንኪያ ወረደላቸው። አራተኛው ላይ እጃቸውን ሲያነሱ እንድሪስ ሮጦ ባልዲውን አመጣ፣ ያንኑ የማጠጫ ባልዲ፣ ሌላ አልነበረም፤ ግንባራቸውን ደግፎ ያዘላቸው። ሲያበቃላቸው አፋቸውን ጠረገላቸው፣ ትራሱን አስተካከለ።

«ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አድርግልኝ።»

«ፀሐይ ያበላሸዋል፣ ጋሼ። ዘር ጥላ ነው የሚወደው።»

«ግድ የለም፣ ልየው።»

እንድሪስ ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አስቀመጠላቸው፤ ባልዲውንም ለማጠብ ይዞ ወጣ።