ማር የነካ አውራ ጣት

አርብ ዕለት በወለጋዋ አያና ከተማ ውስጥ ለተማሪዎቼ የግሪኮችን ተረት ሳስተምር ጉራዬን ነዛሁ። አንድ ጦረኛ ነበር፤ እናቱ ሁለት ዕጣ እንዳለው ነገረችው። ቤቱ ከተቀመጠ ያረጃል፣ ስሙ ግን ይጠፋል። ከዘመተ ይሞታል፣ ስሙ ግን ይኖራል። «ጀግና ማለት ዕጣውን በገዛ እጁ የሚመርጥ ነው!» ብዬ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩ። ኬኔ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ታጣቂዎች ከመኪና የሚያወርዱት ሰውስ ምን ይመርጣል?»

ደወሉ ገላገለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ነቀምቴ ስሄድ፣ አጠገቤ ከተቀመጡ ማር ነጋዴ ጋር ገና ከመነሻው ተጣላን። አዴ ቀለሟ ይባላሉ፤ አዴ እንደ ወይዘሮ ነው። የማር ባልዲያቸውን እግሬ ሥር ወትፈውታል።

«አዴ፣ ወላሂ እግሬ ደነዘዘ እኮ!»

«ይደንዝዝ! ማሬን እንዳትረግጥ ብቻ» አሉና ወደ መዝሙራቸው ተመለሱ። ጴንጤ ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ ሲያንጎራጉሩ ነው የመጡት።

ጫካው መሀል ስንደርስ ታጣቂዎች አስቆሙን። ሹፌራችን ጂሩ ሞተሩን አጠፋ። አንድ ወጣት ታጣቂ ገብቶ መታወቂያ ሰበሰበ፤ እያየ ለየባለቤቱ መለሰ። የኔን ኪሱ ከተተው። አፋን ኦሮሞ ከማንም እኩል እናገራለሁ፣ የተወለድኩትም እዚሁ ነው። ግን ስሜ አሊ ይማም ነው፤ ወላጆቼ በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። መታወቂያው ላይ ስሜም ቀበሌዬም ያንን ይናገራሉ።

«ውረድ» አለኝ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። አልፈርድባቸውም፤ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም ውጭውን ነበር የማየው።

«ተወው፤ የኔ ነው» አሉ አዴ ቀለሟ።

ወጣቱ ሳቀ። «አሊን አንቺ ነሽ የወለድሽው? እስቲ ልጄ ነው ብለሽ ማይ። ውሸት ከሆነ ግን አብረሽው ትወርጃለሽ።»

«ይተዉኝ፣ አዴ፣ ይቀመጡ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መኖር ፈለግሁ።

አዴ ቀለሟ ጎንበስ ብለው ባልዲውን ከፈቱ። አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ወደ አፌ አመጡ።

«ጥባ» አሉኝ።

እዚህ ወለጋ ባዕድ ሰው ልጅ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማር የነካ አውራ ጣት ይጠባል፣ ከዚያ በኋላ ከማህፀን እንደወጣ ይቆጠራል። የሚደረገው ግን በሽማግሌዎች ፊት፣ ተመክሮበት ነው፤ በክላሽ ፊት ሲደረግ ሰምቼ አላውቅም። የሠላሳ አራት ዓመት መምህር እንደ ሕፃን ጠባሁ። እንባዬ ከማሩ ጋር አብሮ ገባ።

አዴ ቀለሟ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አልምልም። እስካሁን ልጄ አልነበረም፤ አሁን ሆኗል። ይኼ ሁሉ ሰው አይቷል። እሱን የምታወርድ ከሆነ እኔንም አውርደኝ።»

ወጣቱ ጠመንጃውን አቀባበለ። ከበሩ አጠገብ አንድ ጎልማሳ ታጣቂ ቆሟል፤ ባልዲውን አየ፣ የሴትየዋን ጣት አየ፣ አፌን አየ።

«ባቻ፣ መልስለት» አለው ወጣቱን በመጨረሻ። «ጠብቷል እኮ።»

መታወቂያዬ ጭኔ ላይ ተወረወረ። እስከ ነቀምቴ ድረስ መዝሙሩም ቀረ።

ጨለለቂ በሚባለው የከተማው ሰፈር ስንወርድ ባልዲውን ተሸከምኩላቸው። «አዴ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው።

«እናትህን አዴ ትላለህ?» ብለው ተቆጡ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆሙ። «ሞሲሳ የሚባል ልጅ ነበረኝ። አምና እዚያው መንገድ ላይ ሌሎች ታጣቂዎች አወረዱት። መኪናው ሙሉ ሰው ነበር።»

ባልዲውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ኬኔ ትዝ አለችኝ። የሚያወርዱት ሰውማ ምንም አይመርጥም፤ የምንመርጠው የተቀመጥነው ነን።

«ምን ትገተራለህ? ማሩን ይዘህ ና እንጂ!» አሉኝ እናቴ።