ሰዓዳ ሲቪዋን ስታሳጥር

1

አራት ገጽ።

አራት ያደረገው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ስንሻው ነው። ሰዓዳ ይዛ የሄደችው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የውሃ ምህንድስና ዲግሪ፣ የተመረቀችበት ዓመት። ስንሻው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ምንም የለበትም።

«በቃ? ይኸው ነው?»

«አዎ።»

«እህቴ፣ በዚህ እንኳን ሥራ ልመናም አይገኝ።»

ከዚያ መጻፍ ጀመረ። «በጫና ውስጥ የመሥራት ችሎታ።» «ከፍተኛ የአመራር ብቃት።» በትርፍ ጊዜ የምትወደው ነገር በሚለው ሥር «ማንበብና መዋኘት» ብሎ ጨመረ።

«ዋና አልችልም» አለች ሰዓዳ።

«የውሃ መሐንዲስ ሆነሽ?»

ይኸን ሲላት ሳቀች። ስትስቅ የምናገኛት እዚህ ብቻ ነው።

2

ከአንድ መሥሪያ ቤት የቃል ፈተና፤ ሰዓዳ እንደምታስታውሰው።

ጠያቂ፦ ልምድ?

ሰዓዳ፦ አዲስ ተመራቂ ነኝ።

ጠያቂ፦ እሱማ ገባን። ልምድ?

ሰዓዳ፦ ለተግባር ልምምድ የወጣሁበት ክረምት አለ።

ጠያቂ፦ እዚህ «ከፍተኛ የአመራር ብቃት» ይላል። ማንን መርተሽ ታውቂያለሽ?

ሰዓዳ፦

ጠያቂ፦ እሺ። እንደውልልሻለን።

አልደወሉም።

3

አዲስ ተመራቂ ከሆንሽ ሲቪሽ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ሰው ጊዜ የለውም። ሁለት ይሁን፤ አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ምንም ያልሠራሽ ያስመስላል። ፎቶ ለጥፊበት። ፎቶ እንዳትለጥፊ። የሚያውቅሽን ሰው ስም ጻፊ። የሚያውቅሽ ሰው ከሌለሽ ሲቪው ምን ይሠራልሻል?

ሰዓዳ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። አንዴ ረዘመ፣ አንዴ አጠረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከተመረቀች ሁለተኛው ክረምት ገባ።

4

አባቷን ላስተዋውቃችሁ። አቶ እንድሪስ በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ቤታቸው ውጫሌ ነው፤ ሰዓዳ ግን ሥራ ፍለጋው ይቀለኛል ብላ ኮምቦልቻ፣ አብሮ አደጓ መዲና የተከራየችው ክፍል ውስጥ ተጠግታለች።

አቶ እንድሪስ «ልጄ ኢንጅነር ናት» ያላሉት ሰው የለም። ቅጣት የሚጽፍባቸውን ትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር ብለውታል። በየሳምንቱ ይደውላሉ።

«ሰዓድዬ፣ ሥራውስ?»

«እያየሁ ነው አባ።»

«አይዞሽ። ውሃ የማይፈልግ አገር የለም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። መዲና ከፋብሪካ ስትመለስ እንደተኛች ታገኛታለች።

5

አንድ ሆቴል በር ላይ የተለጠፈ፦

አስተናጋጅ እንፈልጋለን። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች። ዲግሪ ያላችሁ ባትደክሙ።

ያየችው መዲና ናት።

«አሥረኛ ክፍል አልጨረስሽም እንዴ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ሰዓዳ በማግስቱ ስንሻው ዘንድ ሄዳ ዲግሪውን እንዲያወጣላት ነገረችው። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። አመራሩን አጠፋ። ዋናውን አጠፋ። ዩኒቨርሲቲው ላይ ሲደርስ ጣቱን አንስቶ ዞር አለ።

«ላጥፋው?»

«አጥፋው።»

6

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ትርንጎ ሲቪውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። በእነዚያ ሁለት ክረምቶች ሰዓዳ ፊት ወረቀቷን አንብቦ የጨረሰ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ከአሥረኛ በኋላ የት ነበርሽ?»

«ቤት።»

«የቀድሞዋ ዲግሪዋን ደብቃ ገብታ፣ ሌላ ሥራ ስታገኝ በበዓል ዋዜማ ጥላኝ እብስ አለች። አንቺስ የምትሄጂበት አለሽ?»

«የለኝም።»

ይኸኛው እውነት ነበር።

ማታ ለአባቷ «ሥራ አገኘሁ» አለቻቸው። አቶ እንድሪስ ምን ሥራ ብለው አልጠየቁም። «አልሐምዱሊላህ! አላልኩሽም?» እያሉ ሲጮኹ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። አላረመቻቸውም። ደክሟት ነበር።

7

አቶ እንድሪስ ኮምቦልቻ ላይ ለምሳ የሚቆሙ ሰው አልነበሩም። የዚያን ቀን ግን የመኪናው ፍሬን አስቸገራቸውና ጋራዥ አስገብተውት፣ ካሳው ከሚባል ሾፌር ጓደኛቸው ጋር ምሳ ፍለጋ ወጡ። የገቡት እዚያ ሆቴል ነው።

ሰዓዳ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ሁለት ሽሮ በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ፊት ለፊት ተያዩ።

ቀድሞ የተናገረው ካሳው ነው። በምርቃቷ ድግስ ላይ ሲጨፍር ያመሸ ሰው ነው፤ ድምፁም ትልቅ ነው።

«እንዴ! ይቺ ኢንጅነሯ አይደለችም እንዴ?»

እትዬ ትርንጎ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና አሉ። «የምን ኢንጅነር?»

አቶ እንድሪስ ልጃቸውን አዩ። የታጠቀችውን ሽርጥ አዩ። ከዚያ ወደ እትዬ ትርንጎ ዞሩ።

«ተሳስቶ ነው» አሉ። «ኢንጅነሯ ታላቋ ናት። ይቺ ትንሿ ናት።»

«ልጅዎ ናታ?»

«ልጄ ናት። ትምህርት አልሆነላትም። ከአሥረኛ አልዘለለችም። ግን ሥራ አትንቅም፤ ሐቀኛ ናት። አደራዎን።»

እትዬ ትርንጎ ፊታቸው ፈታ አለ። «አይጨነቁ፤ እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ።

አቶ እንድሪስ ከሰዓዳ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ካሳው ይኸን ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ ዳቦ መቁረስ ጀመረ።

8

አስታጠበቻቸው። ሽሮውን አቀረበች። አባትየው ግማሹን እንኳ ሳይበሉ «ጠገብኩ» አሉ።

9

ሰዓዳ ሥራዋን አላጣችም። እንዲያውም እትዬ ትርንጎ «ሂጂ፣ አባትሽን ሸኚ» ብለው ፈቀዱላት። ካሳው ብልህ ነው፤ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ።

እስከ ጋራዡ ድረስ አባትየው ከፊት፣ ሰዓዳ ከኋላ ሆነው ሄዱ። አቶ እንድሪስ ፍሬኑ የተሠራለት መኪናቸው ላይ ወጡ፤ መስኮቱን አወረዱ። ከላይ ሆነው ሲያዩዋት ትንሽ ሆና ታየቻቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ አባ?»

መሪውን በመዳፋቸው አሻሹት።

«ዛሬ ማታ ቤት እገባለሁ። እናትሽ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ያንቺን ሥራ ነው። ምን ልበላት?»

ሰዓዳ መለሰችላቸው። አጭር መልስ ነው፤ ከአንድ መስመር አይበልጥም። እኔ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ረዘመብኝ፣ አንዴ ውሸት ሆነብኝ። ስለዚህ ቦታውን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ አባትየው ሞተሩን ሳያስነሱ እየጠበቁ ነው።

«እንዲህ ብለህ ንገራት፦



»