የማይረገጥ ፍሬን

ጉልላት በሕልሙ ሁልጊዜ ከሳንሱሲ መንገድ ቁልቁል ይመጣል። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ቀይዋ አልፋ መኪናው በጭጋጉ ውስጥ ትንሳፈፋለች፤ ቀኝ እግሩም ሁሉን ያውቃል። ነዳጁን ሲነካ፣ ፍሬኑን ሲረግጥ፣ የመኪናዋ ትንፋሽ በውስጥ እግሩ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል።

ሲነቃ እግሩ የለም። መኖሩንስ አለ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ተዘርግቷል፤ ግን የሰው ዕቃ ነው። ከምሥራቁ ጦር ግንባር ቆስሎ ሲመለስ ሐኪሞች ሥጋውን ሰፉለት፣ አጥንቱን ጠገኑለት። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው ስሜት ግን እዚያው ኦጋዴን ቀረ።

አልፋዋን ከአብዮቱ በፊት ከተገጨ ብረት አንስቶ፣ በገዛ እጁ ለእሽቅድምድም ያበቃት እሱ ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለ ሰው ድምጿን ሰምቶ «ጉልላት መጣ» ይል ነበር። ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ በነሐሴ ግን፣ ግቢ ሲገባ፣ የማይሰማው እግሩ ጭቃ ከነካው የፍሬን ፔዳል የጎማ ልብስ ላይ አዳልጦት ነዳጁ ላይ ወደቀ። በር የከፈተችለት ሚስቱ ብርቅዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ተረፈች፤ መኪናዋ የነጠላዋን ጫፍ ይዛው አለፈች። ያን ቀን ቁልፉን ቁም ሣጥን ላይ ወርውሮ «ትሸጥ!» አለ።

«እሷን ሸጠህ አንተን ምን ላደርግህ ነው?» አለች ብርቅዬ። «አንዴ ሞክር። እምቢ ካለህ ያኔ ትሸጣለህ።»

እሽቅድምድም የሚወዳደሩ ሰዎች የፔዳሉን ጎማ አውልቀው በሳሳ፣ በተበሳሳ አሉሚኒየም እንደሚተኩት ድሮ በጣሊያን መጽሔት አይቷል። ጫማ አያንሸራትትም። ግን እንኳን ፔዳል ስኳርም በቀበሌ ወረፋ በሆነበት ዘመን ከየት ይምጣ? ጋሽ መኳንንት ዘንድ ሄደ። ጋሽ መኳንንት ጎጃሜ አንጥረኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የአንገት መስቀል ሲሠሩ ኖረው አሁን አሮጌ ፒስተን እያቀለጡ የድስት እጀታ ያወጣሉ።

«ጋሼ፣ የፍሪሲዮኑና የነዳጁ እንደነገሩ ይሁኑ። ፍሬኑን ግን አደራዎን፤ ፍሬን ነፍስ ነው።»

«ነፍስ ካልክማ ለኔ ተወው» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ፔዳሎች በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ጉልላት መሪው ሥር በጀርባው ተኝቶ የፍሪሲዮኑንና የነዳጁን በስቶ በቡሎን አሰረ። ከዚያ ለፍሬኑ እጁን ዘረጋ። የሚያቀብለው ጠፋ።

«ጉልዬ» አለች ፍሬኑን በእጇ የያዘችው ብርቅዬ ቀስ ብላ። «ይሄ እኮ መስቀል ነው።»

ቀዳዳዎቹ ከመሐል ተነስተው በአራት አቅጣጫ ፈክተዋል። ከጫፍ ጫፍ ሐረግ ሳይቀር አላቸው። ጋሽ መኳንንት ተቀብለው አገላብጠው አዩና ግንባራቸውን መቱ። «እኔን! ነፍስ ስትለኝ እጄ ሌላ የሚያውቀው የለ!»

ጉልላት ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ አልመጣለትም። መስቀል አይረገጥም፤ ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም። ለዛሬ ብሎ ስንት ሌሊት የቋጠረው ወኔ ፈሰሰበት። ተነሥቶ የመኪናዋ በር ላይ ተቀመጠና «ይኸው፣ እምቢ አለኝ። ትሸጥ» አለ።

ብርቅዬ እግሩ ሥር ተንበርክካ ጫማውንም ካልሲውንም አወለቀች። «አይረገጥም እንጂ መታሸትማ ይታሻል» አለችና፣ ቄስ የታመመ ሰው በመስቀል እንደሚያሹት፣ በዚያ ፔዳል፣ ውስጥ እግሩን ታሸው ጀመር። ጉልላት አፈረ። ፊቱን አዙሮ የጎረቤቱን ባሕር ዛፍ ሲያይ ቆየ።

«ቀዘቀዘኝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ እንጃ። ውስጥ እግሬን ቀዘቀዘኝ።»

ጋሽ መኳንንት ዓይኑን አስጨፍነው አንዴ የመዶሻ እጀታ፣ አንዴ ፔዳሉን እያስነኩ ፈተኑት። እንጨቱን አላወቀም፤ ሕመምም የለም። ብረቱን ግን አልሳተውም። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

በሳምንቱ ሌላ ፍሬን መጣ፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ወንፊት የተበተኑ፣ ሐረግ የሌለው። ጉልላት አሰረውና ለነዳጁ የጎማ ልብሱን መልሶ አለበሰው። ከእንግዲህ ቀኝ እግሩን የሚቀዘቅዘው ፍሬኑ ብቻ ነው።

በጥቅምት ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ሳለ፣ በባዶ እግሩ መሪው ጋ ተቀመጠ። ቀና ሲል ብርቅዬ በነሐሴ የቆመችበት ቦታ ቆማለች።

«ዞር በይ!»

«አልዞርም። ና።»

ሞተሩ ሲነሣ ሕልሙ ነው የመሰለው። ጭጋጉም፣ ቀዩ ኮፈንም፣ ጭጋጉ ውስጥ ያለችው ነጠላም። መኪናዋ ወደ በሩ ቁልቁል ወረደች። እግሩን ከነዳጁ አነሣ፤ ፍሬኑን ፈለገ፤ ባዶ፤ አሁንም ባዶ፤ የግድግዳው ድንጋይ ቀረበ፤ የብርቅዬ ዓይኖች ቀረቡ። ድንገት ውስጥ እግሩን የፍሬኑ ብርድ ወጋው። ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ።

አልፋዋ ቆመች። የነጠላው ጫፍ ኮፈኑ ላይ አርፏል። ብርቅዬ አንዲት ጋት አልሸሸችም፤ እንባዋ ግን በጉንጯ ይወርዳል።

«በል ጫማህን አድርግ» አለችው። «ብርድ ይመታሃል።»

«ይምታኝ» አለ ጉልላት።