የተጣሉት አሥራ ሦስት

ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ በአሮጌ የትራስ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ዲስኩ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋባይት ይይዛል፤ ሃያ ዘጠኙ ተይዟል። ስክሪኑ ላይ አራት ምልክቶች አሉ። አንዷ «ላንተ» የምትል ፎልደር ናት፤ አንዱ የቆሻሻ ቅርጫቱ ነው። ቅርጫቱ ባዶ አልነበረም። ማሽኑን ለሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ማንም አልነካውም። ጋሽ ግራም ትምህርቱን ሊጀምር ከቤት በወጣበት ሰኞ ጠዋት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው፤ ይህን ያህሉን እንኳ ያወቀው ግን በኋላ ነው።

ጋሽ ግራም የተባለው ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን መርማሪ ስለነበረ ነው። የነሐስ መፈተኛ ክብደቶቹን በሣጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ሚዛኑ ልክ ከሆነ ማኅተም ይመታበታል፣ ካልሆነ ያሽገዋል። ሻጭ ቢምል ቢገዘት ጆሮ አይሰጥም። «ልክ ነኝ ማለትማ ሌባም ይላል» ነበር መልሱ። ሚስቱ ትስቅበት ነበር። «እኔን ለማግባት ስንት ቀን መዘንከኝ?» ትለዋለች በእንግዳ ፊት፣ እሱም ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል።

ያቺ ሚስት ጉሮሮዋን ታመመች። ቀዶ ጥገናው ድምፅዋን ይዞት እንደሚሄድ ሐኪሞቹ አልደበቋትም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በሩን ዘግታ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ የምታወራው በወረቀት ሆነ። ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀራት የሰጠችው ወረቀት «ድምፄን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ ብቻህን ስማው» ይላል።

ጋሽ ግራም ደግሞ ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አያውቅም።

«አባዬ፣ እኔ መጥቼ ልክፈትልህ» አለችው ልጁ። «ሁለቴ መጫን እኮ ነው።»

«ብቻህን ብላለች።»

«ከፍቼልህ እወጣለሁ። ኩሽና ሆኜ እጠብቅሃለሁ።»

«ነገስ? መስማት ባማረኝ ቁጥር እየደወልኩ ልጠራሽ ነው? ደግሞ ሳላውቅ ነካክቼ ባጠፋውስ? መጀመሪያ እጄ ይፍታታ።»

«ግትር ነህ። እማዬ ስትል የምታጋንን ይመስለኝ ነበር።»

ትምህርት ቤቱ ከጥርስ ሐኪም ክሊኒክ አጠገብ ያለ አንድ ክፍል ነው። ስምንት ኮምፒውተር አለ፤ ሰባቱ ይሠራሉ። ጋሽ ግራም የተቀመጠው ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ጎን ነው። አስተማሪዋ የልጁ እኩያ ናት፤ ስታስረዳ አትቸኩልም።

«ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት የመጋዘን ኃላፊ ነው በሉ» አለች በመጀመሪያው ቀን። «እናንተ አምጣ፣ አስቀምጥ ትሉታላችሁ እንጂ መጋዘኑ ውስጥ አትገቡም። የትኛው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ ካርዱን የሚይዘው እሱ ነው።»

«ኃላፊው ቢዋሽስ?» አለ ጋሽ ግራም።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ገና መጋዘኑን ሳታይ ሰውዬውን ልታሳስረው ነው?»

በሦስተኛው ትምህርት ኮፒ ማድረግን ተማሩ። ጋሽ ግራም በዚያው ቀን ሁለት ፍላሽ ገዝቶ ገባና «ላንተ» የምትለውን ፎልደር፣ ሳይከፍት፣ በሁለቱም ላይ ገለበጣት። አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሌላውን ልጁ ቤት አስቀመጠ። ልቡ አረፈ። አሁን ቢሳሳት እንኳ እሷ አትጠፋም።

አራተኛው ትምህርት ስለ ማጥፋት ነበር። የቤት ሥራው ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ነው። ጋሽ ግራም የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ በደብተር ይጽፋል፤ የዚያን ቀኑ እንዲህ ይነበባል፦ «ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ማሽኑ አሥራ ሦስት ነገሮች ለዘለቄታው ይጥፉ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አልኩ። ጠፉ።» ምንነታቸውን ለማየት አልከፈተም። ቆሻሻ ቆሻሻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ሚዛን ሲገለብጥ የኖረ ሰው ቅርጫት ገልብጦ አያውቅም።

በአምስተኛው ትምህርት ማሽኑ ስንት ባዶ ቦታ እንዳለው ማየት ተማሩ። የሱ ኮምፒውተር «ሁለት መቶ ሃያ ሰባት ጊጋባይት ባዶ ነው» ይላል። ጋሽ ግራም ይህን እንዴት ብሎ በቃል ይመን? አስተማሪዋ የሰጠቻቸው የመማሪያ ቪዲዮ ልኩ ሁለት ጊጋባይት ነው። እሱን መፈተኛ ክብደት አደረገው። ያንኑ ቪዲዮ ደግሞ ደጋግሞ ኮፒ አደረገ፣ አንድ ባስገባ ቁጥር በደብተሩ ላይ አንድ ሰረዝ እያሰመረ። ሁለት ቀን ፈጀበት። መቶ አሥራ ሦስቱን ተቀበለ፤ በመቶ አሥራ አራተኛው ማሽኑ ቦታ የለኝም አለ። ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ገብቶ አንድ ቀረ። ከሰረዞቹ ሥር «ልክ ነው» ብሎ ጻፈና ኮፒዎቹን አጠፋቸው።

ክፍል ውስጥ ሲናገር አስተማሪዋ አጨበጨበችለት። «በስድስት ዓመት እንዲህ ያደረገ ተማሪ አላየሁም» አለች።

«ማኅተም መትቶበት ይሆናል፣ እዩለት እስቲ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ጋሽ ግራም ጆሮው ቀላ፤ ደስ ግን ብሎታል።

ድምፅ መክፈት የተማሩት በስምንተኛው ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ፂሙን ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ስልኩን ዘጋ። «ላንተ» የምትለዋን ሁለቴ ተጫናት። ውስጧ አንድ ፋይል ብቻ አለ። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ ነው።

ድምፅዋ ነው፤ ግን ማስታወቂያ የምታነብ ይመስላል። የቤቱ ውል የት እንዳለ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ በየትኛው ሻንጣ እንደሆነ፣ የደም ግፊት ክኒኑን ሳይበላ እንዳይወስድ ነገረችው። አንዴም አልተደናቀፈችም። መጨረሻው ላይ እንዲህ አለች፦

«ይሄ አሥራ አራተኛዬ ነው። አሥራ ሦስቱን ጣልኳቸው። በአንዱ ሳቄ አመለጠኝ፣ በአንዱ አለቀስኩ፣ በሌላው ደግሞ ድሮ ብቻችንን ስንሆን እንደምጠራህ ጠራሁህና ራሴ አፈርኩ። ይሄኛው ደህና ነው። በል እንግዲህ፣ ደህና ሁንልኝ።»

ጋሽ ግራም ደብተሩን ማገላበጥ አላስፈለገውም። ቁጥር አይረሳም። ቢሆንም ገለጠ፤ ረቡዕን በጣቱ ፈልጎ አገኘና «ጠፉ» የሚለው ላይ ጣቱን እንዳሳረፈ ቆየ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ነው።

ሰኞ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ታቅፎ፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ወጣ። ለአስተማሪዋ ነገራት። ፊቷ በራ።

«አባባ፣ አይዞዎት። ሲያጠፉ የመጋዘን ኃላፊው የሚቀደው ካርዱን ነው። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ይቆያል፤ ሌላ ዕቃ እስኪቀመጥበት ድረስ ማለት ነው። ካርዱ የተቀደደበትን ዕቃ የሚፈልግ ፕሮግራም አለኝ።» ገመዱን እየሰካች ጠየቀችው፦ «ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ነገር አላስቀመጡበትም አይደል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ያጨበጨበችለትን የኮፒዎቹን ነገር አስታወሰች። እጇ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ተነስቶ ለሽማግሌው ውኃ አመጣለት፤ አንድም ቀልድ አልወጣውም።

«መሞከሩ አይከፋም» አለች አስተማሪዋ በመጨረሻ። «ግን ቦታውን ሁሉ ነው የሞሉት።»

«ሁሉን» አለ ጋሽ ግራም። «አንድ ጊጋባይት ነው የቀረው።»

ፕሮግራሙ ሲሠራ ኮሪደሩ ላይ፣ የጥርስ ሐኪሙ ተረኞች መሃል ተቀምጦ ለልጁ ደወለ። ሁሉንም ነገራት፤ አንድ ቁጥር አልዘለለም።

«አባዬ» አለች ሰምታ ስትጨርስ፣ «እኔም ብከፍተው ኖሮ ቅርጫቱን አላይም ነበር።»

«አታዪም ነበር?»

«ምን ብዬ አያለሁ? ቅርጫት አይደል።»

ልጁ የእናቷን ደረሰኝ እንኳ አይታ ሳትጨርስ የማትጥል ሰው ናት። የቃሏ ሚዛን እንደጎደለ ያውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ አሳለፈው።

«ሳቋ እኮ ላንተ ብቻ አልነበረም» አለች ልጁ። «ለኔም ነበር አባዬ፤ ስቃለች አልክ አይደል?» ከዚያ ወዲያ አልቻለችም፤ እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ለቅሶዋ እስኪያልቅ ጠበቃት።

ፍለጋው አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። በአሥራ ሁለቱ ቦታ የተገኘው የመማሪያ ቪዲዮው ቁርጥራጭ ነበር፤ አስተማሪዋ ራሷ፣ ቅርጫቱን እንዴት ባዶ እንደሚያደርጉ ስታሳይ። ከአሥራ ሦስተኛው ጥቂት ተርፏል። ወንበር ወደ ጠረጴዛው ሲሳብ ይሰማል፤ ከዚያ አንዲት ሴት ልትናገር ትንፋሽ ትስባለች፤ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ጋሽ ግራም ሦስት ጊዜ ለካው፤ ሦስቱም ጊዜ ሁለት ሰከንድ ከአራት አሥረኛ ሆነ።