ትምህርት ሦስት፦ ስለ ማጠብ

«እንደ ካልሲ አሽታ! በሳሙና!» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሦስት የማኅበሩ አባላት ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ያለው አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው።

የሟች ሚስት የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«እንዲያውም ራሷ መጣች!» አሉ ሊቀመንበሩ። የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ድምፃቸው ዛሬም የመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሰማ። «ነይ እህቴ፣ አንቺው ንገሪያቸው። እኔ እንደ እሱ አላሳምረውም።»

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለችና ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። ማንኪያዎቹ ተንጫጩ።

ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጡት የባሏ ታላቅ እህት አንድ ብርጭቆ አንስተው ወደ ብርሃን ያዙትና አዩት። «ወንድሜ ወፍራም ሻይ ነበር የሚወደው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ የዚህ ቤት ጥፋት ለቃሚ ሆነዋል። ወንበሩ አነሰ፣ መጋረጃው አልታጠበም፣ ሻዩ ቀጠነ።

ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። ሟች ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ተቀምጦ ማህተም የመታ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቴምብር» የሚለው ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ሳሎን ጀማሪዎችን በነፃ ያስተምር ነበር። ፀጉር አስተካካዩም፣ ሐኪሟም፣ ሥራ የፈታውም ይመጣል። ትምህርቱ ማጠብ ላይ ሲደርስ ወረንጦውን ያስቀምጥና የሚስቱን ጉድ ያወራል። የተሠራበት ቴምብር ከፖስታው የሚላቀቀው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው፤ በራሱ ጊዜ ለቆ እስኪንሳፈፍ ይጠበቃል እንጂ አይጎተትም። ያልተሠራበት ቴምብር ግን ውሃ የሚባል ነገር አይነካውም። ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ ከሄደ ሰብሳቢ ፊት አይቀርብም። ይህን ያላወቀች አዲስ ሙሽራ፣ ከማኅበሩ መሥራች በውሰት የመጡ አራት ያልተሠራባቸው ቴምብሮችን እንደተያያዙ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሳሙናውና ካልሲው በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ውሸት መሆኑን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሻይ ታድላለች።

እሁድ ጠዋት ነበር፣ በተጋቡ በሰባተኛው ወር። እሱ ከየቦታው የለቀማቸውን አሮጌ ፖስታዎች ሳፋው ውስጥ እየነከረ ያፏጫል፤ እሷ መስኮቱ ሥር የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ያኔም ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ዛሬም ናት። ድንገት ፉጨቱ ቆመ። ዘወር ስትል አራቱ ቴምብሮች እጁ ላይ ረጥበው ተንጠልጥለዋል። ከፖስታዎቹ ክምር ጋር አብረው ገብተው ኖሯል።

«አለቀልኝ» አለ። «ነገ ሽማግሌው ሊወስዳቸው ይመጣል። ሐሙስ ደግሞ ማኅበሩ ሊቀበለኝ ነበር። ለአራት ቴምብር ያልታመነ ሰው ማን አባል ያደርጋል?»

ሽማግሌው መሥራች ሲመጡ ባሏ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ማንም ሳይጠይቃት «እኔ ነኝ ያጠብኳቸው፤ የቆሸሹ መስለውኝ» አለች። ሽማግሌው አዩዋትና መሳቅ ጀመሩ። «ይቺማ ገና ልጅ ናት» ብለው ይቅር አሉ። ባሏ እሳቸውን ሸኝቶ ሲመለስ እግሯ ሥር ቁጭ አለ፤ መርፌ የወጋጋውን ጣቷን ሳመው። «ይቺን ውለታሽን እስክሞት አልረሳም» አላት።

እንዲህ የሚል ሰው እንዴት አይወደድም? ወደደችው። ለብዙ ዓመት ወደደችው።

በመጀመሪያው ዓመት ታሪኩን ለማኅበሩ ሰዎች ሲያወራ በጎን ጠቀሳት። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ደስ አላት፣ አብራም ሳቀች። በአምስተኛው ዓመት መጥቀሱን ተወ። በአሥረኛው ሳሙናው ገባ። ልጃቸው አፍ ስትፈታ ካልሲው ተጨመረ፤ ልጅቷም ከፍ ስትል ከጓደኞቿ ጋር እየተንከተከተች «እማዬ ቴምብር አጠበች» የሚል መዝሙር አወጣችላት። ውሸት ሲደጋገም እውነት ይመስላል ይባላል። ሲደጋገም የሰው መታወቂያ እንደሚሆን የነገራት ግን አልነበረም። የምታሳጥረውን ሱሪ የሚያመጡት ሰዎች ሳይቀሩ «አታጥቢውም አይደል?» እያሉ ይቀልዱባታል።

በአራተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ዋናውን ጉዳይ አነሱ። ሟች በሕመሙ ወራት አንድ ደብተር ሲጽፍ ከርሟል፤ ርዕሱ «ቴምብር መሰብሰብ ለጀማሪዎች»። ማኅበሩ ለመታሰቢያው ሊያሳትመው ወስኗል። ለቅሶው በሚያበቃበት ዕለት መጥተው ይወስዱታል፤ ማተሚያ ቤቱ ቀን ቆርጧል።

«ስሙ ከመቃብር በላይ ይዋል» አሉ እህትየው፣ ደረታቸውን እየመቱ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው የሟች ልጅ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣችው። እናትየው እጇን ዘረጋች። «መጀመሪያ እኔ ልየው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይበዛ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ዘርግታ አነበበችው። ትምህርት አንድ ቴምብርን በእጅ ስላለመንካት ነው። ትምህርት ሁለት በቴምብሩ ጠርዝ ዙሪያ ስላለው ጥርስ። «ጀማሪ ሆይ፣ አትቸኩል። ጥርሱ የጎደለ ቴምብር እንደ እኔ ነው፤ ይስቃል እንጂ አያምርም» ይላል። የፊት ጥርሶቹ በሕመሙ ጊዜ ወልቀው ነበር። ሳታስበው ሳቀች፤ ድምፁን ሰማችው፣ ናፈቃትም። ደግ ሰው ነበር። አንድ ጀማሪ ወረንጦ መያዝ አቅቶት ሲንቀጠቀጥ እጁን በእጁ ደግፎ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ገጹን ገለበጠች። ትምህርት ሦስት፦ ስለ ማጠብ። «ባለቤቴ ያደረገችውን አታድርግ» ብሎ ይጀምራል። ሳሙናው አለ። ካልሲው አለ። መጨረሻው ላይ «እነሆ ሠላሳ አንድ ዓመት ታገሥኳት» ይላል።

ታገሥኳት! ደሟ ፈላ። ወሬ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል ብላ ራሷን ታጽናና ነበር። ይህ ግን ይታተማል። የማታውቃቸው ጀማሪዎች ገና ወረንጦ ሳይገዙ በእሷ ይስቃሉ፤ የልጇም ልጆች አያታቸውን በዚሁ ያውቋታል።

ከመሞቱ አሥር ቀን በፊት ጠይቃው ነበር። ትራሱን እያስተካከለች «ሁለታችን ብቻ ነን። እነዚያን ቴምብሮች ያጠባቸው ማነው?» አለችው። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ውሃ አጠጣችው። «አንቺ ነሻ!» አለ። ዓይኑን አተኩራ አየችው። እየቀለደ አልነበረም፣ እየዋሸም አልነበረም። ረስቶታል። ቢዋሽ ይሻላት ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ እውነቱን አንድ ቦታ አስቀምጦታል። ሽማግሌው መሥራች ከሞቱ ቆይተዋል፤ አሁን እሱም ሲሄድ እሷ ያለ ምስክር ቀረች።

ለቅሶው በሚያበቃበት ዕለት ሳሎኑ ሞላ። ሊቀመንበሩ ከሦስቱ የማኅበሩ አባላት ጋር ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ደብተሩ የት እንዳለ ሲጠይቁ እሷ ከመመለሷ በፊት እህትየው ተነስተው ከስፌት መኪናው ላይ አነሱት። «የወንድሜ ነው» ብለው ሰጧቸው።

«እስቲ አንዲት ገጽ ላንብብላችሁና እንፅናና» አሉ ሊቀመንበሩ። የትኛዋን ገጽ እንደሚያነቡ ማን ይጠፋዋል? ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ካልሲው ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ታገሥኳት» ሲሉ ልጅቷ ሳትቀር ፈገግ አለች።

«ያጠበው እሱ ነው» አለች እናትየው።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ሁለተኛ እስክትለው ድረስ የሰማት የለም። «ሙት ወቃሽ አያርገኝ። ግን ያጠበው እሱ ነው። እኔ ሱሪ እየሰፋሁ ነበር። ማኅበሩ እንዳይመልሰው ብዬ ለሽማግሌው እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ሙት ወቃሽ ሆነሽ አረፍሽውማ!» እህትየው ብድግ አሉ። «አፈሩ ሳይደርቅ! ቀና ብሎ አይመልስልሽ!»

«ቀና ባለበት ጊዜም ጠይቄዋለሁ እትዬ።»

«ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ እንደ ሕፃን ሊያባብሏት እጃቸውን እያወዛወዙ። «ሐዘን ብዙ ያናግራል። ቀልድ እኮ ነው እህቴ፤ ለአንዲት ቀልድ ይሄን ያህል...»

«ቀልድ ከሆነ በእርስዎ ስም ይታተም።»

ሰው ሁሉ ወለሉን ማየት ጀመረ። አንዲት ጎረቤት ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። ልጅቷ ብቻ እናቷን ቀጥ ብላ ታያለች፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቋል።

«እማ፣ ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«ባሌ ነበራ።»

ልጅቷ ብድግ አለች። ተራምዳ ሄዳ ደብተሩን ከሊቀመንበሩ እጅ ላይ ወሰደችው። እሳቸው መጀመሪያ አልለቀቁትም፤ ከዚያ ለቀቁት።

«ይስተካከል ልትሉ ነው?» አሉ። «የሙት ጽሑፍ ነው። እኔ አንድ ፊደል አልነካም።»

«እርስዎ አይንኩ» አለች እናትየው። «እኔ ነኝ የምነካው።»

«ሰው ይስቅበታል እኮ!»

«በእኔ ሲስቅ ኖሯል።»

እህትየው ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። በሩን ሲዘጉት ግድግዳው ተነቃነቀ፤ ሦስቱ የማኅበሩ አባላትም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ሊቀመንበሩ ግን ያለ ደብተሩ መሄድ አልሆነላቸውም፤ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ።

ልጅቷ ብዕር አቀበለቻት። እናትየው ስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ የስፌት ማስመሪያዋን አጋደመችና መስመሮቹን አንድ በአንድ ሰረዘች። ሳሙናውን ሰረዘች፣ ካልሲውን ሰረዘች፤ «ታገሥኳት» ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ከዚያ በጠባቡ ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኔ ያደረግኩትን አታድርግ። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ አዳነችኝ።»

አነበበችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአፉ የጠበቀችው ነገር ይኸው ነበር፤ በገዛ እጇ ጽፋው አረፈች። ንዴቷ እዚያው ላይ አለቀባት፤ ከሥሩ ያለው ነገር ምን እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር። ሞቷል። ከእንግዲህ የምትጣላው ሰው የለም።

«ይቅር በይኝ» ብላ ልትጨምር ብዕሩን አስጠጋች። ጫፉ ወረቀቱን ነክቶ አንዲት ነጥብ ተወ። ያቺን ቃል ማለት የነበረበት እሱ ነው፤ እሷ አትጽፍለትም። ብዕሩን ከደነችው።

«አለቀ?» አሉ ሊቀመንበሩ ሳይዞሩ።

ዓይኗ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና፣ እንዳይረጥብ ደብተሩን በክንዷ ወደዚያ ገፋ አደረገችው።