ደረሰ የሚባልበት በር

1.

«ደርሰዋል» አለ ስልኩ።

የሚኒባሱ ሾፌር ወርዶ እትዬ ደብሪቱ በር ላይ ቆመ። እሳቸውም በሩን ከፍተው ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቢኖር ነው።

«እማማ፣ የዕቃ ማራገፊያው ሜዳ የት ነው?»

«የምን ሜዳ?»

ሾፌሩ ስልኩን አየ። እሳቸውን አየ። ቤቱን አየ። መልሶ ስልኩን አየና እሱን አመነ።

«እዚሁ ነው የሚለው» ብሎ አርባ ካርቶን አጥሩ ሥር ደርድሮላቸው ሄደ። የተቀባይ ስም በሚጻፍበት ቦታ ሁሉም ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ።

ማራገፊያ።

2.

ጥፋቱ የትርሲት ነው።

ትርሲት ሰው በስልኩ ያዘዘውን ጫማ፣ ሽቶ፣ ቻርጀር ከመጋዘን ተቀብላ፣ ገደሉ ሥር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች በሞተር የምታደርስ ልጅ ናት። ገደሉ ሥር ግን ኔትወርክ የለም። ዕቃውን ባለቤቱ እጅ ላይ አስቀምጣ «ደረሰ» የሚለውን ብትጫን፣ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች እንጂ አያልፍም። ካላለፈ ደግሞ አልደረሰም፤ ለመሥሪያ ቤቷ ያ ጫማ ገና መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም አድላ ዳገቱን ትወጣና አክስቷ በር ላይ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ቆማ በአንድ ትንፋሽ ትጫናለች።

ደረሰ።

ደረሰ።

ደረሰ።

አክስቷ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። «አክስቴ በር ላይ ፉል ኔትወርክ አለ» ብላ ለጓደኞቿ የነገረችውም እሷ ናት። አሁን አርባ ሁለት ሞተረኞች እዚያ ቆመው ይጫናሉ፤ እትዬ ደብሪቱም ውሃ በጆግ ያወጡላቸዋል።*

* ስልኩ «ደረሰ» የተባለበትን ቦታ ሁሉ ካርታ ላይ ነጥብ ያደርጋል፤ ጆግ ግን ካርታ ላይ ምልክት የለውም።

3.

የከተማው ፕላን ቢሮ በሩ ላይ የለጠፈው ወረቀት፦

«በጥናታችን መሠረት በዚህ ነጥብ ላይ በቀን አራት መቶ ዕቃ ይደርሳል። በመሆኑም ነጥቡ የአካባቢው የዕቃ ማራገፊያ እንዲሆን ታቅዷል። በቦታው መኖሪያ ቤት አልተገኘም። ቅሬታ ያለው ነዋሪ ቀርቦ ማመልከት ይችላል።»

እትዬ ደብሪቱ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ካልተገኘሁ» አሉ፣ «ለማን ነው የለጠፉት?»

4.

ከፕላን ባለሙያው ከኢንጂነር አቤኔዘር ጋር የተደረገ ንግግር፣ እንደወረደ፦

ትርሲት፦ እዚያ ቤት አለ።

ኢንጂነር፦ የለም።

ትርሲት፦ ያደግኩበት ነው እኮ።

ኢንጂነር፦ እህቴ፣ በቀን አራት መቶ ዕቃ የሚገባበት ቤት መኖሪያ ሊሆን አይችልም።

ትርሲት፦ ዕቃው እዚያ አይገባም። እዚያ «ደረሰ»ን ነው የምንጫነው።

ኢንጂነር፦ ከተጫናችሁ ደርሷላ።

ትርሲት፦ መጥተህ በዓይንህ እየው።

ኢንጂነር፦ ባለፈው ሳምንት መጥቼ ነበር። ሜዳ ነው።

ትርሲት፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ኢንጂነር፦ ነጥቡ ሌላ በር ላይ ከበዛ ሲስተሙ ራሱ ይዞራል። አንድ በር ላይ ግን። ከበተናችሁት ስህተት ነው ብሎ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ዕቅዱ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

5.





(የእትዬ ደብሪቱ የቤት ቁጥር 5 ነው። ጽሑፉን ያቀናበረው ሰው ካርታውን ተከትሎ ባዶ አድርጎታል። ይቅርታ ጠይቋል።)

6.

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ደብሪቱ ከገበያ ሲመለሱ የገዛ ውሻቸው ጮኸባቸው። ለሞተረኞቹ ግን ጭራውን ይቆላል።

«ትርሲትዬ፣ ጽጌ ዛሬ በእኔ ግቢ አቋርጣ ሄደች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።»

«ቸኩላ ይሆናላ፣ እትዬ። ጎረቤት አይደለች?»

«እሱስ ነበር» አሉ እትዬ ደብሪቱ ጆጉን እያጠቡ። «በሳሎኑ ባታቋርጥ።»

7.

ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት። ሞተረኞቹ ሌላ በር ሊመርጡ ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ።

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሩ ይይዛል» አለ ከሞተረኞቹ አንዱ፣ ከድር።

«ልጆቹስ?»

«እሺ ቀበሌው።»

«እዚያ መቼ ኔትወርክ ኖሮ ያውቃል?»

«አንተ ቤት ይሁና፣ ከድር። አፍህ ነው የሚፈጥነው።»

ከድር የሞተሩን መስታወት መወልወል ጀመረ። ሚስቱ አራስ ናት፤ ሁሉም ያውቃል፤ ያሾፈውም ልጅ አንገቱን ደፋ።

«የማናውቀው ሰው በር ይሁን» አለ ከኋላ አንዱ፣ ቀስ ብሎ።

የሳቀ የለም። ትርሲት ዞር ብላ አክስቷን ፈለገች። እትዬ ደብሪቱ በራቸው ላይ ቆመው ውሃ ይዘዋል። የሚቀበላቸው አልነበረም። አንድ አዲስ ልጅ ሞተሩን ለማቆም ቀጥ ብሎ ወደሳቸው እየነዳ መጣ፤ ትርሲት ክንዳቸውን ስባ ባታወጣቸው ኖሮ አይቆምም ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አላት ልጁ። «ማንን ነው የምትስቢው?»

8.

መመሪያ፦

ስልክዎን ያውጡ።

ኔትወርክ ይይዛል?

ጥሩ።

በርዎ ላይ ብዙ ሞተር ሲቆም ከሰሙ አይደንግጡ። ውሃ አይጠይቁም። ውሻ ካለዎት፣ እንደሚያውቅዎት አሁን ያረጋግጡ።

9.

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ አምስት።

አርባ ሁለቱም ሞተር አጥፍተዋል። ትርሲት ከዚህ ቀደም አይታው የማታውቀው በር ፊት ቆማ አውራ ጣቷን ከስልኩ በላይ ይዛለች። ሌሎቹ እሷን ያያሉ፤ እሷ ከጀመረች ይከተላሉ። ባለቤቱ የሉም ብላ ነበር የመረጠችው። አሁን ግን ጆሮዋን ወደ ቆርቆሮው ስታስጠጋ፣ ከበሩ ጀርባ ሰው አለ። አይራመድም፤ አይናገርም። ገጽ ሲገለጥ ይሰማታል።

ይህንኑ የሚያነብ ሰው ነው።

«ትርሲት» አለ ከድር በሹክሹክታ፣ «አራት ደቂቃ።»

10.

የተቀባይ ስም፦ ____________

የቤት ቁጥር፦ ____________

ልዩ ምልክት፦ ____________

ሁኔታ፦