አምስት ያልሞላ መንደር

ሳፊያ ቢሮዬ የገባችው ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። ከጓሳ አፋፍ እስከ ደባርቅ በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ተነስታ መሆን አለበት። እሷ እዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እኔ እዚህ በአንድ የክትባት ፕሮጀክት ቢሮ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። እሷ ልጆቹን ታያለች፤ እኔ ቁጥራቸውን አያለሁ።

«ስጦታ፣ መኪናው ዛሬም ወደኛ አይወጣም አሉኝ» አለች ሳትቀመጥ።

«ዝርዝሩ ላይ የላችሁም።»

«ኩፍኙ መንደሩን እየጨረሰው ነው እኮ። ዝርዝሩን የሚያወጣው ማነው?»

የማወጣው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ደክሞኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ሙሉ እንደደከመኝ ነው። ያለን አንድ መኪናና አንድ የክትባት ቡድን ነው። ከየአቅጣጫው የሚደውል ሁሉ ግን የእኔ መንደር አለቀች ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ እጨነቅ ነበር። በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ለመድኩና ኩዌሪው ያለውን ብቻ መስማት ጀመርኩ።

ኩዌሪው ለኮምፒዩተሩ የምጽፍለት ጥያቄ ነው፤ ረጅም አይደለም። «ግሩፕ ባይ» የሚለው መስመር በሦስት ሳምንት ውስጥ የተመዘገቡትን ሕሙማን በየመንደራቸው ይሰበስባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ መንደር ስንት ታማሚ እንዳለው ይቆጠራል። በመጨረሻ «ሃቪንግ» የሚለው መስመር ቆጠራው አምስት ያልሞላውን መንደር ይጥለዋል። የተረፈው መኪና ይሄድለታል። አምስት የሚለውን ቁጥር እኔ አላወጣሁትም፤ ከበላይ የመጣ ነው።

ስክሪኑን ወደ ሳፊያ አዞርኩና ጓሳ አፋፍ ብዬ ፈለግሁ። አንድም ሰው አልወጣም።

«አየሽ? ባዶ ነው። አምስት ካልሞላ መኪናው አይሄድም።»

«ምን ማለት ነው ባዶ? ልጆቹን አሳዝዬ ወደ ጤና ጣቢያ የሰደድኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ከአሥር በላይ ናቸው።» ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ያንን አምስቱን ሁለት አድርጊው።»

«ሁለት ካደረግሁት አርባ መንደር ይወጣል። ደግሞ ዜሮ ከሁለትም ያንሳል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ባልናገራት ይሻል ነበር። ሳፊያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

በዚህ መሀል ሾፌራችን ጋሽ ገዱ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ገቡ። ጉዞው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ወረቀቱን ሊወስዱ ነው የመጡት። በድብ ባሕር በኩል ሁለት መንደር፣ በዛሪማ በኩል አንድ መንደር ተጽፏል።

«የዛሬው እንኳ የእውነት ነው?» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ኪዳነምሕረት ስድስት ልጅ ታሟል ብለሽ ዳባት ድረስ ሰደድሽን። ያገኘነው ሁለት ነው። መድኃኒቱን ይዘነው ተመለስን።»

«የቀሩት ድነው ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«እናቶቹን ጠይቀናል እኮ ልጄ። ከሁለቱ ሌላ የታመመ አልነበረም።»

ሳፊያ ቀና አለች። «የትኛው ኪዳነምሕረት ነው የሄዳችሁት?»

«ከዳባት ወዲህ ያለው ነዋ።»

«የኛም የላይኛው ጎጥ እኮ አጥቢያው ኪዳነምሕረት ነው።»

እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ አገር ሰው ከየት ነህ ሲባል የቀበሌውን ስም ማን ይጠራል? እንደ ጓሳ አፋፍ ያለ የቀበሌ ስም ለስብሰባና ለመታወቂያ ነው። ሰው አገሩን የሚጠራው በታቦቱ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ አገርዎ የት ነው ስትል እናትየዋ አጥቢያዋን ትናገራለች፤ እሱው ይጻፋል። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ሰው እኔም ብጠየቅ መልሴ አጥቢያዬ ነው። ግን ዓምዱን «መንደር» ብዬ ሰይሜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቆጥረው ኖሬ፣ አንድ ቀን ውስጡ ምን እንደተጻፈ ረጋ ብዬ አላነበብኩም።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ኪዳነምሕረት ተሄዶበታል ብዬ ስድስቱንም ልጆች «ዌር» በሚለው መስመር ከቆጠራው በፊት አስወጥቻቸዋለሁ። የየትኛው ኪዳነምሕረት ልጆች እንደሆኑ ሳልጠይቅ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አልኩ።

ቆጠራውን ሁሉ አጠፋሁና ስሞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። እኔ የእናት ስም አነባለሁ፣ ሳፊያ ትመልሳለች። «የሺወርቅ? የኛ ናት። ዓለምዬ? እሷም የኛ ናት፣ ከወንዙ ማዶ። ይችን አላውቃትም፤ የዳባቷ ትሁን።» ከስድስቱ አራቱ የእሷ ሆኑ። ሚካኤል የሚሉት ሦስቱም የእሷ ናቸው፤ ሁለተኛው አጥቢያቸው ነው። ቀጥሎ «የሼሁ ሰፈር» የሚል አራት መስመር መጣ።

«ይሄ የኛ የሙስሊሞቹ ጎጥ ነው» አለች። «እኔም የዚያ ነኝ።»

ሦስት ነው፣ አራት ነው፣ አምስት አልሞላም እየተባለ አንድ መንደር በየስሙ ተበትኖ ነበር። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ጓሳ አፋፍ ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ሳፊያ እጄን ያዘችኝ።

«ይችን ዝለያት።»

መስመሩ፦ ሰልሰቢል፣ ሴት፣ ሦስት ዓመት ይላል።

«የናንተ አይደለችም እንዴ?»

«የወንድሜ ልጅ ናት። ትናንት ተቀበረች።»

ጋሽ ገዱ ኮፍያቸውን አወለቁ። «አላህ ያጽናችሁ» አልናት፤ እሷም አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ኩዌሪውን አስኬድኩት። ጓሳ አፋፍ፣ አሥር። ከሁሉም በላይ ወጣ። መኪናው ግን ያው አንድ ነው፤ በዛሪማ በኩል አምስት ልጅ የነበራትን መንደር ለነገ አሸጋገርኳት። ጋሽ ገዱ ወረቀቱን ተቀብለው የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ሊያስጭኑ ወጡ።

ሳፊያም ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ዝም ብያት ብትሄድ ምን ነበረበት። የሦስት ዓመት ልማድ አፌን አንቀሳቀሰው።

«ሳፊያ፣ ልጅቷን ግን ማስገባት አለብኝ። በሕጉ የሞተም ይቆጠራል።»

በሩ ላይ ቆመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተመልሳ መጣችና በጭቃማ ጣቷ ስክሪኑ ላይ የልጅቷ መስመር ጫፍ ያለውን ቀን ነካችው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የተመዘገበ ነው።

«በሕይወት ሳለችም እኮ እዚሁ ነበረች» አለች።

አፈርኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ከታች የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ፤ እሷም መንገዱን ልታሳያቸው ወረደች። ከሰልሰቢል ስም አጠገብ ጓሳ አፋፍ ብዬ ጻፍኩና እንደገና አስኬድኩት። አሥራ አንድ አለ።